ስሬችኮ ካታኔትስ፦ ስሎቬንያን ያቆመው ሥርዓትና የአንድ ኮከብ ጉዳይ

ስሎቬንያ በ1991 ነጻነቷን ካወጀች ወዲህ በወንዶች እግር ኳስ ለታላቅ ውድድር የበቃችው አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ2000 እና በ2024 ለአውሮፓ ዋንጫ፣ በ2002 እና በ2010 ደግሞ ለዓለም ዋንጫ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ከአራቱ ውድድሮች የ2010ሩና የ2024ቱ በማትያዥ ኬክ አሰልጣኝነት የተገኙ ሲሆኑ፣ የ2000ውና የ2002ቱ የአሰልጣኝ ስሬችኮ ካታኔትስ ሥራ ናቸው። ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ይህች አገር በ1998 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ስምንት ጨዋታ አድርጋ ያገኘችው አንድ ነጥብ ብቻ ነበር፤ እርሱም በስፕሊት ከክሮኤሺያ ጋር 3 ለ 3 ከተለያየችበት ጨዋታ የመጣ ነው። ከዚያ ውጤት ተነሥቶ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ታላላቅ ውድድሮች ላይ መድረስ በዕድል ብቻ የሚብራራ ነገር አይደለም።

የጉዳዩ ዋና ጥያቄ ግን ቡድኑ እንዴት እንደተነሣ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደፈረሰም ጭምር ነው። ካታኔትስ የገነባው ቡድን በሜዳ ላይ በተከታታይ ሽንፈት ተሸርሽሮ የወደቀ አይደለም፤ በ2002 በደቡብ ኮሪያ፣ በዓለም ዋንጫው የመጀመሪያ ጨዋታ ማግሥት፣ በመልበሻ ክፍል በተነሣ ጠብ ነው የተሰነጠቀው። በእኔ እምነት ቡድኑን ያቆመውም የሰነጠቀውም አንድ እምነት ነው፤ ማንም ተጫዋች ከቡድኑ በላይ አይደለም የሚለው።

ከሉብሊያና እስከ ጄኖዋ

ካታኔትስ ጁላይ 16 ቀን 1963 በሉብሊያና ተወለደ። በትውልድ ከተማው ክለብ በኦሊምፒያ ጀምሮ ወደ ዲናሞ ዛግሬብ፣ ከዚያም ወደ ቤልግሬዱ ፓርቲዛን አመራ፤ በዩጎዝላቪያ ዘመን በሦስቱም ከተሞች፣ በሦስት የተለያዩ ደጋፊዎች ፊት ተጫውቷል ማለት ነው። ይህ ተሞክሮ ኋላ የሚያሰለጥነውን ቡድን ለመረዳት ይጠቅማል፤ የስሎቬንያ ቡድን ውስጥ ከቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ልዩ ልዩ ክፍሎች የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩበትና። በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ከዩጎዝላቪያ ቡድን ጋር የነሐስ ሜዳልያ አገኘ። በ1988 ወደ ጀርመኑ ሽቱትጋርት ተዛወረ፤ በዚያው የውድድር ዘመን ክለቡ ለአውሮፓ ማኅበራት ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በዲዬጎ ማራዶናው ናፖሊ ተረታ።

ስሙ የገነነው ግን በጣሊያኗ የጄኖዋ ከተማ ክለብ በሳምፕዶሪያ ነው። ከ1989 እስከ 1994 በቆየበት በዚህ ክለብ በተከላካዮች ፊት የሚቆም አማካይ ነበር፤ ረጅም፣ በግንባር የሚገፋ ኳስ ላይ ጠንካራ፣ ሌሎች እንዲያጠቁ ኋላውን የሚዘጋ። ፊት ለፊት ሮቤርቶ ማንቺኒና ጃንሉካ ቪያሊ ነበሩ፤ የጋዜጣ አርዕስት የእነርሱ፣ ልፋቱ ግን በብዛት የእርሱና የመሰሎቹ ነበር። በ1990 በጎተንበርግ አንደርሌክትን በተጨማሪ ሰዓት በቪያሊ ሁለት ግቦች አሸንፈው የአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን ወሰዱ። በሜይ 1991 ሳምፕዶሪያ በታሪኩ ብቸኛ የሆነውን የሴሪ አ፣ የጣሊያን ከፍተኛ ሊግ፣ ሻምፒዮንነት አረጋገጠ። በ1992 ደግሞ በዌምብሊ በተደረገው የአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ፍጻሜ ካታኔትስ በቋሚ አሰላለፍ ገብቶ፣ ሮናልድ ኩማን በተጨማሪ ሰዓት በመታት ቅጣት ምት በባርሴሎና 1 ለ 0 ተሸነፉ።

የዚያ ሳምፕዶሪያ አሰልጣኝ ቩያዲን ቦሽኮቭ ነበር። ቦሽኮቭ እንደ ማንቺኒና ቪያሊ ያሉ ከባድ ጠባይ ያላቸው ከዋክብትን በቀልድ፣ በአባትነትና አንዳንዴም እንዳላየ በማለፍ አብሮ ያኖረ ሰው ነው። ካታኔትስ ከእርሱ የቡድንን ፍቅር እንደተማረ ግልጽ ነው፤ እንዳላየ የማለፍን ጥበብ ግን አልወረሰም። ይህ ልዩነት ከአሥር ዓመት በኋላ ዋጋ አስከፍሎታል።

በ1990 በጣሊያን የዓለም ዋንጫ ከዩጎዝላቪያ ጋር ለሩብ ፍጻሜ ደርሶ ነበር፤ ቡድኑ በመለያ ምት በአርጀንቲና ተሸንፎ ወጣ። ሳምፕዶሪያ ሻምፒዮን በሆነ በወሩ፣ ጁን 25 ቀን 1991፣ ስሎቬንያ ነጻነቷን አወጀች። ለዩጎዝላቪያ 31 ጊዜ የተሰለፈው ሰው ለአዲሲቱ አገሩ የተጫወተው በጥቂት ጨዋታዎች ብቻ ነው፤ በ1994 ጫማውን ሰቀለ።

በ35 ዓመት ዕድሜ ብሔራዊ ቡድን

በ1998 የስሎቬንያ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሲሾም ካታኔትስ ገና 35 ዓመቱ ነበር፤ ከኋላው ያለው የአሰልጣኝነት ልምድም እጅግ አጭር ነው። ፌዴሬሽኑ የገዛው ልምድን ሳይሆን ግርማን ነበር ማለት ይቻላል። የተረከበው ቡድን በማጣሪያ ተሸንፎ የተመለሰ፣ በየአውሮፓ ሊጉ የተበተነ፣ ለአገር መሰለፍ ክብር መሆኑን ለማመን ገና ምክንያት ያላገኘ ቡድን ነው። እንዲህ ላለው ስብስብ በሴሪ አ ሻምፒዮን የሆነና በዌምብሊ ፍጻሜ የተሰለፈ የአገር ልጅ ከፊት ሲቆም ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

አጨዋወቱ ውስብስብ አልነበረም። ሦስት የመሐል ተከላካዮች ያሉት አሰላለፍ ነበር፤ ማሪንኮ ጋሊች ነጻ ሆኖ ከኋላ ይቆማል፣ ዳርኮ ሚላኒችና ዜልኮ ሚሊኖቪች የተቃራኒ አጥቂዎችን ሰው በሰው ይይዛሉ። በመስመሮቹ ላይ ጆኒ ኖቫክና አሚር ካሪች ሙሉውን ሜዳ ይሮጣሉ፣ አምበሉ አሌሽ ቼህና ሚራን ፓቭሊን መሐሉን ይዘጋሉ፣ ምላደን ሩዶንያ ከፊት ሆኖ የተቃራኒ ተከላካዮችን ፋታ ይነሣል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው ብቻ ከግዳጅ ነጻ ነበር፤ ዝላትኮ ዛሆቪች። ከማሪቦር የተነሣው፣ በፖርቶ ስሙን የተከለው ይህ ግራ እግረኛ አማካይ 35 ግብ በማስቆጠር እስከ ዛሬ የአገሪቱ ብሔራዊ ቡድን የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አግቢ ነው። ዘጠኙ ይለፋሉ፣ ኳሱ ለእርሱ ይደርሳል፣ እርሱ ይወስናል።

የችግሩን ዘር የምናገኘው እዚህ ላይ ነው። የመልበሻ ክፍሉ ሕግ ሁሉም እኩል ነው ሲል፣ የሜዳው አሰላለፍ ግን አንዱ ልዩ ነው ይላል። ውጤት እስካለ ድረስ ሁለቱ አብረው ይኖራሉ፤ ዛሆቪች ያገባል፣ ሌሎቹ ድካማቸው ፍሬ ሲያፈራ ያያሉ፣ አሰልጣኙም ሕጉን በእርሱ ላይ ለመሞከር አይገደድም።

ለ2000 የአውሮፓ ዋንጫ በተደረገው የምድብ ማጣሪያ ስሎቬንያ ከኖርዌይ ቀጥላ ሁለተኛ ሆና፣ ግሪክን ከኋላዋ አስቀርታ ለደርሶ መልስ ጥሎ ማለፍ ደረሰች። የደረሳት አንድሬ ሼቭቼንኮና ሰርጌይ ሬብሮቭ የሚመሩት የዩክሬን ቡድን ነው። ኖቬምበር 13 ቀን 1999 በሉብሊያናው ቤዥግራድ ስታዲየም ሼቭቼንኮ መጀመሪያ አገባ፤ ዛሆቪች በሁለተኛው አጋማሽ አቻ አደረገ። ከዚያ በ84ኛው ደቂቃ የዩክሬኑ ግብ ጠባቂ አሌክሳንደር ሾቭኮቭስኪ ከግቡ ወጥቶ የመታው ኳስ ተበላሽቶ ሚለንኮ አቺሞቪች እግር ሥር ወደቀ። አቺሞቪች ወደ መሐል ሜዳው መስመር ቀርቦ ነበር፤ ቀና ብሎ አየ፣ ባዶውን ግብ ተመለከተ፣ ኳሷን ወደ ላይ ላካት። ሾቭኮቭስኪ ወደ ኋላ እየሮጠ ኳሷ በላዩ አልፋ መረቡ ላይ አረፈች። ከአራት ቀን በኋላ በረዶ በለበሰው የኪየቭ ሜዳ ሬብሮቭ በፍጹም ቅጣት ምት ቢያስቆጥርም ፓቭሊን አቻ አደረገና 1 ለ 1 ተጠናቀቀ። ስምንት ዓመት የሞላት አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለታላቅ ውድድር አለፈች።

ሻርለርዋ፦ ስድስት ደቂቃ

ጁን 13 ቀን 2000 በቤልጅየሟ ሻርለርዋ የተደረገው የመጀመሪያው ጨዋታ ከዩጎዝላቪያ ጋር ነበር፤ ሰርቢያና ሞንቴኔግሮ በዚያን ጊዜ የሚሰለፉበት ስም ነው። በተቃራኒው ወንበር የተቀመጠው አሰልጣኝ ማን ነበር? ቩያዲን ቦሽኮቭ። ተማሪና መምህር፣ አንዱ ትቶት በወጣው አገር ስም፣ ሌላው በአዲሱ አገር ስም ፊት ለፊት ቆሙ። ዛሆቪች በ23ኛው ደቂቃ አገባ፣ ፓቭሊን በ52ኛው ሁለተኛውን ጨመረ፣ ዛሆቪች በ57ኛው ሦስተኛውን ደገመ። በ60ኛው ደቂቃ ሲኒሻ ሚሃይሎቪች በቀይ ካርድ ወጣ። 3 ለ 0 የሚመራና በሰው ቁጥር የሚበልጥ ቡድን የቀረው ሰዓቱን ማሳለፍ ብቻ ይመስል ነበር።

ነገር ግን ሳቮ ሚሎሼቪች በ67ኛው፣ ሊዩቢንኮ ድሩሎቪች በ70ኛው፣ ሚሎሼቪች ዳግመኛ በ73ኛው ደቂቃ አገቡ። በስድስት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ግብ፣ በአሥር ሰው። ይህን ጨዋታ በጥሞና ለሚያይ ሰው የካታኔትስ ቡድን ደካማ ጎን ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቡድኑ የተሠራው የሚበልጠውን ለመቋቋም ነው እንጂ የሚመራውን ጨዋታ ለማረጋጋት አልነበረም። ኳሱን ይዞ ማቆየት፣ ግለቱን ማብረድ፣ ተቃራኒን ማስሮጥ አልለመደም። ከዚያ በስፔን 2 ለ 1 ተሸነፈ፣ ከኖርዌይ ጋር 0 ለ 0 ተለያየ፣ ከምድቡም ወጣ። ያም ሆኖ በአገር ቤት ያተረፈው ቁጭትን ሳይሆን ኩራትን ነበር።

ከአውሮፓ ዋንጫው በኋላ የመጣው የ2002 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ለእኔ ከፊተኛው ይበልጣል። ምድቡ ሩሲያን፣ ዩጎዝላቪያንና ስዊዘርላንድን ያካተተ ነበር። ስሎቬንያ በፋሮ ደሴቶች 2 ለ 2 በመለያየት ክፉ ጅምር ጀመረች፤ እንዲያም ሆኖ አሥሩን ጨዋታ አንድም ሳትሸነፍ፣ አምስቱን አሸንፋ በአምስቱ አቻ ወጥታ፣ ከሩሲያ ቀጥላ ሁለተኛ ሆና ጨረሰች። ሩሲያን በሉብሊያና ያሸነፈችው በመጨረሻው ሰዓት አቺሞቪች ባስቆጠራት ፍጹም ቅጣት ምት ነው። በጥሎ ማለፉ ሩማንያን በሜዳዋ 2 ለ 1 ረታች፤ በቡካሬስት ሩዶንያ አስቆጥሮ 1 ለ 1 ተለያየችና ለዓለም ዋንጫ አለፈች። አሁን ቡድኑ መሪነትን መጠበቅ ተምሯል፤ ሻርለርዋ ያስተማረው ትምህርት በቡካሬስት ታየ።

ግዋንጁ፦ መልበሻ ክፍሉ

ጁን 2 ቀን 2002 በግዋንጁ ከስፔን ጋር በተደረገው የስሎቬንያ የመጀመሪያ ጨዋታ የስፔኑ ራውል ከዕረፍት በፊት አስቆጠረ። በሁለተኛው አጋማሽ ካታኔትስ ዛሆቪችን አስወጥቶ አቺሞቪችን አስገባ፤ ጨዋታው 3 ለ 1 አለቀ። ዛሆቪች መቀየሩን እንደ ንቀት ወሰደው፤ በመልበሻ ክፍል በአሰልጣኙ ላይ ከባድ ስድብ አወረደ። የተናገረው ቃል በስሎቬንያ ጋዜጦች ወጥቶ ለዓመታት የተወራ ነው። የሁለቱ ሰዎች መነሻ፣ አንዱ የሉብሊያና ሌላው የማሪቦር መሆኑ፣ ነገሩን በአገር ቤት የከተማና የከተማ ክርክር አደረገው።

ካታኔትስ በጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ እንባ እየተናነቀው ከውድድሩ በኋላ ሥራውን እንደሚለቅ አስታወቀ፤ ዛሆቪችም ከቡድኑ ተነጥሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። ጁን 8 በዴጉ ከተማ ደቡብ አፍሪካ ስሎቬንያን በሲያቦንጋ ኖምቬቴ የአራተኛ ደቂቃ ግብ 1 ለ 0 አሸነፈች፤ ጁን 12 በሴኦጉዊፖ ስሎቬንያ በአቺሞቪች ግብ መርታ፣ አሥር ሰው በቀረው የፓራጓይ ቡድን 3 ለ 1 ተረታች። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ሽንፈት።

በዚህ ውሳኔ ላይ እስከ ዛሬ ሁለት ወገን አለ። አንዱ ካታኔትስ ኮከቡን ማባበል፣ ቢያንስ ውድድሩ እስኪያልቅ መታገሥ ነበረበት ይላል። ሌላው አሰልጣኝ እንዲህ ተሰድቦ ዝም ካለ ከዚያ በኋላ ለማንም ተጫዋች ሊያዝ አይችልም ይላል። እኔ በሁለተኛው እስማማለሁ፤ ዛሆቪችን ማሰናበቱ ትክክል ነበር። ለአራት ዓመት ሌሎቹን ተጫዋቾች ያሠራቸው ሁላችሁም እኩል ናችሁ የሚለው ቃል ነው፤ ይህን ቃል ቀን ሲከፋ ቢያጥፍ ቀድሞ የሚከዳው እነ ቼህን፣ እነ ሩዶንያን ነበር።

ያልተስማማሁበት የመልቀቂያውን ማስታወቂያ ነው። ሁለት ጨዋታ እየቀረ የሚለቅ መሆኑን በአደባባይ የተናገረ አሰልጣኝ፣ ዛሆቪችን በማባረር ያስከበረውን ሥልጣን በዚያው አፉ ያስረክባል። ተጫዋቾቹ ለነገ የማይኖር ሰው ነው የሚያዛቸው፤ ቅጣቱም የሥርዓት ማስከበር መሆኑ ቀርቶ የሁለት ሰዎች የግል ጠብ ማብቂያ ይመስላል። ፓራጓይን በሰው ቁጥር በልጦና በግብ መርቶ ለዕረፍት የወጣ ቡድን በሁለተኛው አጋማሽ እንዲያ መበተኑ የአቅም ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። ቦሽኮቭ በዚያ ወንበር ቢቀመጥ ኖሮ ዛሆቪችን ምናልባት አያሰናብተውም ነበር፤ ቢያሰናብተው ግን እያለቀሰ አይለቅም።

ዛሆቪች ካታኔትስ ከሄደ በኋላ ወደ ብሔራዊ ቡድኑ ተመልሶ ተጫውቷል።

ከዚያ በኋላ የተሠሩ ቡድኖች

ካታኔትስ በዚያው ዓመት የግሪኩን ኦሊምፒያኮስ ያዘ፤ በ2003 ተለያዩ፤ ከዚያ በኋላ ክለብ አላሰለጠነም። ይህ የባሕርዩ ጉዳይ ይመስለኛል፤ በየቀኑ ከባለሀብትና ከደጋፊ ጋር ከሚያታግለው የክለብ ሥራ ይልቅ በዓመት ጥቂት ጊዜ ተሰብስቦ በአንድ ልብ የሚሠራ ብሔራዊ ቡድን ይስማማዋል። ከ2006 እስከ 2009 በመራው የመቄዶንያ ቡድን ኦክቶበር 2006 በኦልድ ትራፎርድ ከእንግሊዝ ጋር 0 ለ 0 ወጣ፤ በኖቬምበር 2007 ክሮኤሺያን በስኮፕዬ 2 ለ 0 አሸነፈ። በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች የነበረው ጊዜ ግን ፍሬ አልባ ነበር፤ በ2011 የእስያ ዋንጫ ቡድኑ በሦስት ጨዋታ አንድም ግብ ሳያስቆጥር ወጣ፣ እርሱም በዚያው ዓመት በኩዌትና በሊባኖስ ከተሸነፈ በኋላ ተሰናበተ።

ከ2013 እስከ 2017 ወደ ስሎቬንያ ተመልሶ ሦስት ማጣሪያ መራ፤ አንዱም አልተሳካም። ለ2016 የአውሮፓ ዋንጫ የተደረገው ጥሎ ማለፍ ዳግመኛ ከዩክሬን ጋር ነበር፤ በልቪቭ 2 ለ 0 ተሸንፎ በማሪቦር 1 ለ 1 ተለያየ። በዚህኛው ቡድን ውስጥ የተሻለ ስም ያላቸው ተጫዋቾች ነበሩ፤ የ1999ኙ ጥማት ግን አልነበረም፤ ያ ጥማት ደግሞ በአሰልጣኝ ትእዛዝ የሚመጣ አይደለም።

ከዚህ በኋላ የሠራቸው ሁለት ሥራዎች በአውሮፓ ያልተነገረላቸው፣ ነገር ግን ከመጀመሪያው ሥራው ጋር የሚቀራረቡ ናቸው። በሴፕቴምበር 2018 ኢራቅን ተረከበ። በ2019 የእስያ ዋንጫ ከምድቡ አልፎ በኋላ ሻምፒዮን በሆነችው በካታር 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ግቧን ያስቆጠረው ትውልዱ ኢራቅ የሆነው ባሳም አል-ራዊ ነው። በዚያ ዓመት መኸር በአገሪቱ ተቃውሞ ተቀስቅሶ የሜዳዋ ጨዋታ ወደ ዮርዳኖስ ተዛወረ፤ ኖቬምበር 14 በአማን ኢራቅ ኢራንን በጭማሪ ሰዓት በተገኘች ግብ 2 ለ 1 አሸነፈች። ቡድኑን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያው ቀጣይ ዙር አሳልፎ ሳለ በ2021 በደመወዝ አለመከፈል ምክንያት ተለያየ፤ ቡድኑን ዲክ አድቮካት ተረከበው።

በዚያው ዓመት ኡዝቤኪስታንን ያዘ። ይህች አገር በተደጋጋሚ ለዓለም ዋንጫ ደጃፍ ደርሳ የተመለሰች፣ በወጣት ቡድኖቿ የታወቀች፣ በዋናው ቡድን ግን ፍርሃት የሚይዛት ነበረች። ካታኔትስ በሦስት ዓመት ከመንፈቅ ጸጥ ያለ ሥራ ተከላካይ ክፍሉን አጠነከረ፤ ወጣቶቹን በየጊዜው አስገባ። በ2024 መጀመሪያ በካታር በተደረገው የእስያ ዋንጫ ለሩብ ፍጻሜ ደርሶ በአስተናጋጇ በመለያ ምት ተረታ። በ2026 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሦስተኛ ዙር ከስድስት ጨዋታ አራቱን አሸንፎ፣ ከኢራን ጋር አቻ ወጥቶ፣ በዶሃ በካታር ብቻ በጭማሪ ሰዓት በገባች ግብ 3 ለ 2 ተሸንፎ 13 ነጥብ ሰበሰበ። በዚህ ቡድን ውስጥ እንደ ዛሆቪች ያለ ብቸኛ ወሳኝ ሰው አልነበረም፤ ጥቃቱ በብዙ እግሮች የተከፋፈለ ነበር። ካታኔትስ በግዋንጁ የገጠመውን ዓይነት ፈተና እዚህ ያልገጠመው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በጃንዋሪ 2025 በጤና ምክንያት ሥራውን ለቀቀ። የአገሪቱን የኦሊምፒክ ቡድን ያሰለጥን የነበረው ቲሙር ካፓድዜ ቡድኑን ተረክቦ ጁን 5 ቀን 2025 በአቡ ዳቢ ከተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ጋር 0 ለ 0 ተለያየ፤ ኡዝቤኪስታንም ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አለፈች። ካፓድዜ በዚያ ምሽት ያሰለፈው ቡድን በአብዛኛው ካታኔትስ የገነባው ነው።